የምጽዋ መርከቦች እና የደሴ ሰማይ

ስሙኝማ፣ የወሎ ልጆች! ከደሴው ቧንቧ ውሃ ሰፈር ሆኖ ባሕር አይታይም፤ ጦሳ ተራራ ላይ ቢወጡም አይታይ። የዛሬው ወሬዬ ግን የባሕር ነው።

ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቧት። ቀይ መስቀል ያለበትን ሆስፒታል እንኳ አልማሩም። ንጉሠ ነገሥቱ እዚሁ ነበሩና መትረየስ ይዘው ወደ ሰማይ ተኮሱ። የዚያን ቀን ሰማዩ የማን እንደነበር ልብ በሉልኝ።

አምስት ዓመት አለፈ፤ አሁን መጋቢት 1933 ነው፤ እንግሊዞች ጣሊያንን እየገፉ ነው። ከረን ተሰብራለች፣ አስመራ እጇን ልትሰጥ ነው። ምጽዋ ላይ ስድስት የጣሊያን ዲስትሮየሮች ታጉረዋል። በሰሜን ስዊዝ፣ በደቡብ ባብኤልመንደብ፤ ሁለቱም በሮች በእንግሊዝ እጅ ናቸው። ታዲያ ምን ይሁኑ? «ውጡና ውጉ፤ መመለሻ ግን የላችሁም» ተባሉ። ጀግንነት የሚሉት አሉ፤ እኔ ግን አዛዦች ለክብራቸው ሲሉ በመርከበኛ ነፍስ የከፈሉት ዕዳ ይመስለኛል።

መጀመሪያ ሊዮኔ ወጣ። ስሙ አንበሳ ነው፤ ግን ጠላት እንኳ ሳያይ መጋቢት 23 ከባሕር በታች ካለ ዓለት ጋር ተላተመና የገዛ ሰዎቹ አሰጠሙት። የቀሩት አምስቱ በማግሥቱ በእንግሊዝ እጅ ያለችውን ፖርት ሱዳንን ሊወጉ አመሩ። ባቲስቲ ሞተሩ ታወከና ወደ ሳዑዲ ዳርቻ ዞረ።

መጋቢት 25 ሲነጋ አውሮፕላን መጣ። ምን ዓይነት አውሮፕላን መሰላችሁ? ስዎርድፊሽ የሚሉት፣ ድርብ ክንፍ ያለው፣ ጨርቅ የለበሰ፣ ዝግተኛ ነገር! እናት መርከባቸው፣ የእንግሊዟ ኢግል፣ በስዊዝ ለማለፍ ስትጠብቅ፣ አብራሪዎቿ ወደ ፖርት ሱዳን ተልከው ነበር። ሳውሮንና ማኒንን በቦምብ አሰጠሟቸው። የዚህ ቀን ሰማይ የጣሊያን አልነበረም። ፓንቴራና ቲግሬም ሳዑዲ ዳርቻ ደርሰው እዚያው ቀሩ፤ ባቲስቲም እንዲሁ። አንዱም ፖርት ሱዳን ላይ አልተኮሰም።

ምጽዋ መጋቢት 30 ተያዘች። ደሴ ያለው የጣሊያን ጦር ግን ገና አለ፤ ጣሊያኖች የመሸጉበትን የአምባ አላጌን ደቡባዊ በር የሚጠብቀው እሱ ነው። ከአዲስ አበባ የመጡት የእንግሊዝ ወገን ደቡብ አፍሪካውያን ኮምቦልቻ ላይ ገጠሙት፤ የእኛ አርበኞችም በተራራው ዞረው ከጎን ገቡበት። ሚያዝያ 14 የኮምቦልቻ መተላለፊያ ተከፈተ። ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ደሴ ከጣሊያን እጅ ወጣች።