ሉኳታ፦ የናሉባሌ ሐይቅ አውሬና የስሙ ታሪክ

በዩጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ መካከል ተንጣልሎ 68,800 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሸፍነውን ሐይቅ ባጋንዳዎች ናሉባሌ ይሉታል። ጆን ሃኒንግ ስፒክ በ1858 እ.ኤ.አ. ደቡባዊ ዳርቻውን ደርሶ በንግሥቲቱ ስም ቪክቶሪያ ብሎ ስለሰየመው፣ በዓለም ካርታ ላይ የሚታወቀው በዚህ ስሙ ነው። በውኃው ውስጥ ይኖራል የሚባለው አውሬ ግን የአገሩን ስም እንደያዘ ቆይቷል፤ ሉኳታ ይባላል። ይህ ጽሑፍ የአውሬውን መኖር አለመኖር አይመረምርም፤ የሚመረምረው ስሙ ወደ ባዕድ መዝገብ ሲገባ ምን እንደ ጎደለበት ነው።

ሰር ሃሪ ጆንስተን በ1902 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የዩጋንዳ መጽሐፋቸው ሉኳታን ጠቅሰው፣ ምናልባት ከባሕር አጥቢዎች ወገን፣ ይልቁንም ግዙፍ ዓሣ ሊሆን እንደሚችል ገምተዋል። ቻርልስ ሆብሊ ደግሞ በ1913 እ.ኤ.አ. ስላልታወቁ አራዊት በጻፉት ጽሑፍ የሰር ክሌመንት ሂልን ታሪክ አስፍረዋል፤ በሆማ ተራራ አቅራቢያ በእንፋሎት ጀልባ ሲያልፉ አንድ አውሬ ብቅ ብሎ ከጀልባዋ አፍንጫ ላይ የተቀመጠውን ሰው ሊነጥቅ ሞከረ ይላል። የሁለቱም ጸሐፊዎች ጥያቄ አንድ ነበር፦ የትኛው እንስሳ ነው? ከዚያ ወዲህ ሉኳታ ሳይንሳዊ ስም የሚጠብቅ የእንስሳ ዝርያ ሆኖ ተቆጠረ።

የሉጋንዳ ቋንቋ ግን ለዚህ ጥያቄ ብዙም ቦታ አይሰጥም። አዞ ጎኛ፣ ጉማሬ ንቩቡ፣ ዘንዶ ቲምባ፣ በሳንባው የሚተነፍሰው ዓሣ ማምባ ይባላል፤ ማምባ ራሱን የቻለ የአንድ ጎሣ መለያም ነው። የሐይቁን ፍጥረታት በዚህ መጠን ለይቶ የሚጠራ ሕዝብ ከእነዚህ ለአንዱ ሉኳታ የሚል ተለዋጭ ስም ሰጠ ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

መልሱን የሚያቀርበው የቃሉ አሠራር ነው። ኳታ የሚለው ግስ «ያዘ፣ ጨበጠ» ማለት ነው። የሉጋንዳ የአድራጊ ስሞች አብዛኛውን ጊዜ በ«ሙ» ጀምረው በ«ኢ» ያልቃሉ፤ ከቩባ (ዓሣ አጠመደ) ኦሙቩቢ (ዓሣ አጥማጅ) ይገኛል። ሉኳታ በዚህ ሥርዓት አልተዋቀረም። «ሉ» የአንድ የስም መደብ ምልክት ሲሆን በዚያው መደብ ስሞች ግስ ላይም እንደ ባለቤት አመልካች ይገባል። ስለዚህ ሉኳታ በፊደል ሲጻፍ «ይይዛል» ከሚለው ሙሉ ዓረፍተ ነገር አይለይም። ከበደ፣ አየለ፣ ታደሰ የሚሉ ስሞችን ለለመደ የአማርኛ ተናጋሪ፣ ግስ እንዳለ ስም መሆኑ እንግዳ አይሆንበትም።

የግሱ አጠቃቀምም ሰፊ ነው። ሉጋንዳ ተናጋሪ እንቅልፍ ሲመጣበት «ኦቱሎ ቱንኩቴ» (እንቅልፍ ያዘኝ) ይላል፤ ኀፍረትም በዚሁ ግስ ሰውን «ይይዛል»። እኛም በሐይቅ ሰጥሞ የቀረን ሰው «ውኃ ወሰደው» እንላለን፤ የውኃ እጅ የት አለ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ነፋሱ በድንገት በሚነሣበት ሐይቅ ላይ ዓሣ አጥማጁ ሳይመለስ ሲቀር፣ ያዥው ማን ነው ለሚለው ጥያቄ ስሙ ራሱ መልስ ይሰጣል። ይህ ማለት ተራኪዎቹ አካል ያለው አውሬ አላሰቡም ማለት አይደለም፤ ትረካዎቹ ስለ ራሱም ስለ ጉልበቱም ይናገራሉ። ነገር ግን ስሙ የሚጠብቀው መልኩን ሳይሆን ሥራውን ነው።

ስለዚህ «የውኃ አውሬ» የሚለው የመዝገበ ቃላት ፍቺ ሐሰት ባይሆንም ጎደሎ ነው። ቃሉን ከግሱ ነጥሎ እንስሳ ብቻ ያደርገዋል፤ እንስሳው ሳይገኝ ሲቀርም ቃሉ ከንቱ ወሬ ተብሎ ይጣላል። የሐይቅ ዳር ትረካ የሚሰበስብ የቋንቋ ባለሙያ «ምን ይመስላል?» ከማለቱ በፊት «ምን ያደርጋል?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም ከነዓረፍተ ነገሩ ይመዝግብ። አውሬው ባይገኝ እንኳ ግሱ በሰው አፍ ውስጥ ሕያው ነው።