መንገዱ ሲመጣ ማን ተጠየቀ?



ከመካከላችሁ አንዱ ሰሞኑን በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ የክፍያ መንገድ በአባቴ ማሳ ላይ ልሥራ ቢባል፣ አባቴ አልፈቅድም ማለት ይችላል ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። አጭሩ መልስ አይችልም ነው። ረጅሙ ግን ታሪክ ስለሆነ ትንሽ ታገሱኝ።

እኔ የዛሪማ ልጅ ነኝ። ከደባርቅ ተነስቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወርዶ፣ በዛሪማ አድርጎ ወደ አዲ አርቃይ የሚሄደውን መንገድ መጀመሪያ የቀደደው ጣሊያን ነው። በ1928 ዓ.ም. ጎንደርን ያዘና ከአስመራ ጋር ሊያገናኛት ገደሉን ፈነቀለው። ወራሪ ነውና «ይሄ የማን ርስት ነው?» ብሎ አላስፈቀደም። አያቴም መንገዱን የሰሙት ድማሚቱ ሲፈነዳ እንደሆነ ያወሩን ነበር።

ከነፃነት በኋላ ሕጉ መጣ። የ1948ቱ ሕገ መንግሥትና የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ብሎ መሬት ሲወስድ ካሣ ይክፈል አሉ። ልብ በሉ፤ ባለርስቱ ያገኘው ካሣ የመጠየቅ መብት ነው እንጂ እምቢ የማለት አይደለም። በነገራችን ላይ ይሄ በብዙ አገርም ያለ አሠራር ነው።

የካቲት 1967 ላይ የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ ባለርስት የሚባል ቀረ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ደግሞ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ ጸና። ገበሬው «ባለይዞታ» ተባለ። የሌላ ሰው ንብረት የያዘ ሰው ደግሞ ፈቃዱን ማን ይጠይቀዋል?

ካሣው ግን እየተሻሻለ መጥቷል። በ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 መሬቱን ለዘለቄታው የሚለቅ ገበሬ የአምስት ዓመት አማካይ ገቢው በ10 ይባዛለት ነበር። በ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1161 ከሦስት ዓመቱ ከፍተኛው ተወስዶ በ15 ይባዛል። ከሁሉ በላይ፣ ተነሺዎችን መሬቱን ከማስረከባቸው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ማማከር ግዴታ ሆነ። ማማከር ነው፤ ማስፈቀድ አይደለም።

የክፍያ መንገድ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። የጣሊያኑ መንገድ ማንንም ባያስፈቅድም፣ እኛ አህያ እየነዳን ገበያ ወጥተንበታል። በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ የጀመረው፣ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው የአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ ግን የታጠረ ነው፤ እግረኛም ከብትም አይገባበትም። መሬቱን የሰጠ ገበሬ ከአጥሩ ወዲህ ቆሞ መኪና ያያል።

ስለዚህ ልጄ፣ ለአባትህ እንዲህ በላቸው፦ ያቺ የምክክር ዓመት በከንቱ አትለፍ። የይዞታ ደብተራቸውን ይዘው ስብሰባ ይግቡ። ከብቱ በየት ይሻገራል? ወደ ውሃው በየት ይወረዳል? ዛፉስ፣ የድንጋይ ካቡስ ተቆጥሯል? ብለው ይጠይቁ፤ መልሱም ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር። በቃል የተነገረ ተስፋ ዶዘሩ ሲመጣ አይገኝም።

እስኪ እናንተም ጻፉልኝ፦ በእናንተ አገር መንገድ ሲመጣ አባቶቻችሁን የጠየቀ ነበር?