ኢሕዲሪ፦ አራት ዓመት ያልሞላት ሪፐብሊክ

ስለ ደርግ ያልሰማ የለም። ስለ ኢሕዲሪስ? የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ በ1980 ዓ.ም. መባቻ ታወጀች፤ ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ኢሕአዴግ አዲስ አበባን ሲይዝ አበቃላት። ሕገ መንግሥት፣ 835 መቀመጫ ያለው ብሔራዊ ሸንጎና ሁሉንም የሚመራ አንድ ፓርቲ፣ ኢሠፓ፣ ነበራት። ታዲያ እንዴት እንዲህ ቶሎ ፈረሰች?

ከፓርቲው አወላለድ እንጀምር። በሩሲያም ሆነ በቻይና መጀመሪያ ፓርቲው ተደራጀ፣ ከዚያ ሥልጣን ያዘ። እኛ ጋ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ በ1967 ዓ.ም. ንጉሡን ያወረዱት ወታደሮች ፓርቲ አልነበራቸውም። ኢሕአፓንና መኢሶንን በቀይ ሽብር ዘመን ከመቱ በኋላ፣ በ1972 ዓ.ም. ፓርቲ የሚያደራጅ ኮሚሽን አቋቋሙ። ኢሠፓም በአብዮቱ 10ኛ ዓመት ዋዜማ፣ ሰሜኑ በረሃብ እያለቀ ሳለ፣ በታላቅ ድግስ ተመሠረተ። ዋና ጸሐፊው ያው ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሆኑ፤ ከ11ዱ የፖሊት ቢሮ አባላትም 7ቱ የደርግ ሰዎች ነበሩ። ልብሱ ተቀየረ እንጂ ሰዎቹ እነዚያው ናቸው።

ስለዚህ የፓርቲው ምሰሶ ሕዝቡ ሳይሆን ሠራዊቱ ነበር። ያ ምሰሶ ደግሞ ተሰነጠቀ። መጋቢት 1980 ዓ.ም. አፍአበት ላይ የናደው ዕዝ ተደመሰሰ። ግንቦት 1981 ዓ.ም. ጄኔራሎቹ ራሳቸው መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ፤ ከሸፈ፣ ብዙዎቹም ተገደሉ። ሠራዊቱ ጦርነቱ በከፋበት ሰዓት ልምድ ያላቸውን አዛዦቹን አጣ። የጎርባቾቭዋ ሶቭየት ኅብረትም እጇን መሰብሰብ ጀመረች።

የካቲት 1982 ዓ.ም. መንግሥት "ቅይጥ ኢኮኖሚ" አወጀ፤ ፓርቲውም ስሙን ቀየረ። ያኔ ምን ሆነ መሰላችሁ? የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ውስጥ የነበሩ ገበሬዎች ወዲያው መሬቱንና በሬውን ተከፋፍለው ወጡ። ለዓመታት "የእናንተ ነው" ሲባሉ የኖሩትን ነገር፣ በሩ ሲከፈት ጥለውት ሄዱ። ከየትኛውም የምርጫ ውጤት በላይ ይህ ይናገራል።

ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ከአገር ወጡ። ምክትላቸው ጄኔራል ተስፋዬ ገብረ ኪዳን ቦታውን ተረክበው የቆዩት አንድ ሳምንት ብቻ ነው።

ፓርቲን በአዋጅ ማቆም ይቻላል። በአዋጅ ደጋፊ ማብቀል ግን አይቻልም።