ከጆሮ ወደ ፊደል፦ የነገር ስም ትምህርት በነቀምቴ ታሪክ

ልጅ የነገርን ስም የሚማረው በማዳመጥ ነው፣ በመናገር፣ በማንበብ ወይስ በመጻፍ? ይህ ጥያቄ ዘወትር የሚነሣው በሥነ ትምህርት ጥናት ነው። እኔ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን ከወለጋ ታሪክ አንጻር ለመመልከት እሞክራለሁ።

የኦሮምኛ ጽሑፍ ታሪክ ሲወሳ ቀድሞ የሚጠራው ኦኔሲሞስ ነሲብ ነው፤ ይገባዋልም። ሆኖም ኦኔሲሞስ በሕፃንነቱ ከወገኖቹ ተነጥቆ በባርነት የተሸጠና እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ የወጣ ሰው ነበር። ፊደል ቢያውቅም በእናት ጓዳ የሚሰማው ቋንቋ ጎድሎት ነበር። ይህን ጉድለት የሞላችው አስቴር ጋኖ ናት። አስቴር እ.ኤ.አ. በ1886 ከባርነት ነፃ ወጥታ ምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጀች፤ 500 ያህል እንቆቅልሾችን፣ ተረቶችን፣ ምሳሌያዊ ንግግሮችንና ዘፈኖችንም በጽሑፍ አሰፈረች። ከእነዚህም ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1894 በታተመው የጀማሪዎች ንባብ መጽሐፍ ውስጥ ገብተዋል።

ከእነዚህ መካከል በተለይ እንቆቅልሽ ልብ ሊባል ይገባዋል። ጠያቂው የነገሩን መልክና ጠባይ ይናገራል፤ መላሹ አዳምጦ ስሙን ይጠራል። እንቆቅልሽ እንግዲህ ከጨዋታነቱ ሌላ ማዳመጥና መናገር የተጣመሩበት የነገር ስም ትምህርት ነው። መጽሐፉ ይህን ትምህርት ለንባብ አበቃው።

ኦኔሲሞስና አስቴር እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሰው በነቀምቴ ማስተማር ሲጀምሩ ግን የነገሩ ቅደም ተከተል ተለወጠ። በእምኩሉ ጽሑፍ ከአገር የራቀውን ስም ከመረሳት ይጠብቅ ነበር። የነቀምቴ ልጅ ግን ስሙንም ነገሩንም ከቤቱ ይዞ ይመጣል፤ የሚቀረው ፊደሉ ብቻ ነው። ፊደሉም ራሱ የጆሮን እርዳታ ይሻል። መጽሐፎቹ የተጻፉበት የግእዝ ፊደል ጥብቀትን አያሳይምና። ለምሳሌ በኦሮምኛ ማር «ደማ» ሲባል «ማ» ይጠብቃል። ቃሉን ሰምቶ የማያውቅ አንባቢ ግን «ማ»ን አጥብቆ ወይስ አላልቶ ማንበብ እንዳለበት ከፊደሉ ብቻ ሊያውቅ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1991 የተመረጠው የላቲን ፊደል የሚጠብቀውን ድምፅ ደግሞ ስለሚጽፍ ይህን ችግር አቃሏል። ያም ሆኖ ቃሉን በትክክል ያነበበ ሁሉ ማሩን አወቀ ማለት አይደለም።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው መጻፍ ስምን እንደሚያቆይ፣ ማንበብም እንደሚያዳርስ ነው። ስሙ ከነገሩ ጋር የሚጋባው ግን በመስማትና በመናገር ነው። ስለዚህ የጽሑፍ ታሪክን የምናጠና ሁሉ ከኦኔሲሞስ ብዕር ጎን የአስቴርን ጆሮ ልንቆጥር ይገባናል።