አሥር ከሁለት ሲቀድም

ከ«ምዕራፍ 1» እስከ «ምዕራፍ 12» የተሰየሙ ፋይሎች በተራ የፊደል ቅደም ተከተል ቢደረደሩ፣ ከ«ምዕራፍ 1» ቀጥሎ የሚመጣው «ምዕራፍ 10» ነው። 11 እና 12 ይከተላሉ፤ 2 ተራው የሚደርሰው ከእነሱ በኋላ ነው። ማሽኑ የታዘዘውን ፈጽሟል፦ አኃዞቹን እንደ ፊደል አንድ በአንድ ስለሚያይ፣ 1 ከ2 እንደሚቀድም እንጂ አሥር ከሁለት እንደሚበልጥ አያውቅም። ይህን እንዲያውቅ ማድረግ ዓሥርተ ዓመታት ወስዷል።

በፊደል ተራ መደርደር ራሱ ለአውሮፓውያን መማር የነበረባቸው ጥበብ ነበር (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጆቫኒ ባልቢ በ1286 «ካቶሊኮን» የተባለውን የላቲን መዝገበ ቃላት ሲያጠናቅቅ የአደራደሩን ሥርዓት ለአንባቢው ማስረዳት ነበረበት። ሮበርት ካውድሪም በ1604 ለንደን ላይ ባሳተመው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት፣ አንባቢው አስቀድሞ የፊደሉን ተራ እንዲያጠና መክሯል። በካርድ ካታሎግ ዘመን የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደል ሳይለዩ ይደረድሩ ነበር። በቁጥር የሚጀምር ርዕስ ሲገጥማቸውም፣ ቁጥሩ በቃል ቢጻፍ በሚውልበት ቦታ ያስገቡት ነበር። በ1980 የወጣው የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ደንብ ደግሞ ቁጥሮች በመጠናቸው ተራ ከፊደላት በፊት እንዲገቡ አደረገ። ደንቡ ቢለዋወጥም የሚያመዛዝነው ሰው ነበር።

ኮምፒውተር ሲመጣ ማመዛዘኑ ቀረና በኮድ ቁጥር ተተካ። በ1963 አሜሪካ ውስጥ የወጣው፣ አስኪ የተባለው የፊደላት ኮድ መጀመሪያ ትልልቅ ፊደላትን ብቻ ይዞ ነበር፤ ትናንሾቹ በ1967 ገቡ። ትልቁ ኤ 65፣ ትንሹ ኤ 97 ተሰጣቸው። ልዩነቱ 32፣ ማለትም አንዲት ቢት ብቻ ስለሆነ ከአንዱ ወደ ሌላው መለወጥ ቀላል ነው። ለሚደረድር ሰው ግን ጣጣ አመጣ፤ ትልቁ ዜድ 90 በመሆኑ ከትንሹ ኤ ይቀድማል። ትልልቆቹ የአይቢኤም ማሽኖች የሚሠሩበት ኤብሲዲክ የተባለው ኮድ ደግሞ ትናንሾቹን ከትልልቆቹ፣ ፊደላቱንም ከአኃዞቹ አስቀደመ። ስለዚህ አንዱ ዝርዝር በሁለት ማሽን ሁለት ዓይነት ተራ ያዘ።

ለአሥርና ለሁለት ተራ ችግር ግን ተጠቃሚው መላ አበጀለት፦ ከቁጥር በፊት ዜሮ መጨመር። በ1998 የወጣው የዲጂታል ካሜራ ፋይሎች ደንብ የፎቶ ስም አራት አኃዝ እንዲይዝ፣ ከ0001 እስከ 9999 እንዲቆጠር ያዘዘው በዚሁ ልማድ ነው።

ድረ ገጾች ሲበዙ ይህ መላ አላዛለቀም፤ የፋይሉን ስም የሚያወጣው ፕሮግራመሩ ሳይሆን ከየትም የመጣ ተጠቃሚ ሆነ። በግንቦት 2000 የወጣው የድረ ገጽ ፕሮግራም ቋንቋ ፒኤችፒ 4 «ናትሶርት» እና «ናትኬዝሶርት» የተባሉ ፈንክሽኖችን ይዞ መጣ። መሠረታቸው ማርቲን ፑል በሲ ቋንቋ የጻፈው አጭር ኮድ ነው። ኮዱ ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን ያነባል፤ ሁለቱም አኃዝ ላይ ሲደርሱ አኃዞቹን በጅምላ ይወስዳል። በዜሮ ካልጀመሩ፣ ብዙ አኃዝ ያለው ይበልጣል፤ ብዛታቸው እኩል ከሆነ ከግራ በኩል መጀመሪያ የተለያዩበት አኃዝ ይወስናል። ጽሑፉ ወደ ቁጥር ስለማይለወጥ የአኃዙ ርዝመት አያስቸግረውም። «ኬዝ» የሚለው ቅጥያ ያለው ደግሞ ትልቅና ትንሽ ፊደልን እኩል ያያል። ዊንዶውስ ኤክስፒ በ2001 ፋይሎችን በዚህ መልክ መደርደር ጀመረ። ጃቫስክሪፕት ግን ካልተነገረው ዛሬም 10ን ከ9 ያስቀድማል፤ ቋንቋን አውቆ የሚያነጻጽር መሣሪያ በደረጃ የተሰጠው በ2012 ነው።

ይህም ቢሆን የመጨረሻ መልስ አይደለም። 1.10 የሶፍትዌር እትም ከሆነ ከ1.9 በኋላ ነው፤ የብር መጠን ከሆነ ግን ከ1.9 ያነሰ ነው። በቱርክኛ ነጥብ ያላት አይ እና ነጥብ የሌላት አይ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ስለሆኑ፣ ትልቅና ትንሽን የማቻቻል የእንግሊዝኛ ደንብ እዚያ ያሳስታል።

የእኛስ? የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ሞክሼ ፊደላት ግን አሉት። በ1999 ዩኒኮድ ወደተባለው የዓለም ፊደላት ኮድ ሲገባ አ እና ዐ የተለያየ ቦታ ያዙ፤ በመካከላቸው ከ፣ ኸ እና ወ አሉ። እናም በስም ዝርዝር ላይ አለሙ እና ዓለሙ ጎን ለጎን አይውሉም፤ ከበደ እና ወርቁ ይገቡባቸዋል። ሃይሉ እና ኃይሉ ደግሞ የባሰ ይራራቃሉ። ናትኬዝሶርት ይህን አያስተካክልም፤ የሚያቻችለው የላቲኑን ብቻ ነው።

በቁጥር በኩል ግን ያልታሰበ ሲሳይ አለ። የግዕዝ አኃዝ ለአሥር ፲፣ ለሃያ ፳ እያለ የየራሱ ምልክት ስላለው፣ በተራው የኮድ ቅደም ተከተል እንኳ ፱ ከ፲፣ ፲፱ ከ፳ ይቀድማል። ከ፩ እስከ ፻፺፱ ያለው ሁሉ ያለ ምንም ዘዴ በትክክል ይሰለፋል፤ በግዕዝ ቁጥር የተሰየሙ 150ዎቹ የዳዊት መዝሙራት በተራ ትእዛዝ ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። ችግሩ ፪፻ ላይ ይጀምራል፦ በ፪ ስለሚጀምር ዘሎ ከ፫ በፊት ይገባል።

እንግዲህ የአማርኛ ስም ዝርዝር የሚያሳይ ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው መፍትሔውን ከውጭ አይጠብቅም። ስሙን ባለቤቱ እንደጻፈው ያስቀምጥ፤ ለመደርደሪያ ብቻ ሞክሼዎቹ ወደ አንድ ፊደል የተመለሱበት ሁለተኛ ቅጂ ይያዝ። ኮዱ ከጥቂት መስመር አያልፍም። የትኛው ፊደል ከየትኛው ጋር እኩል ይታይ የሚለውን መወሰን ግን፣ እንደ ካታሎግ ሠራተኞቹ ዘመን፣ የቋንቋው ባለቤቶች ድርሻ ነው።