ከቪዲዮ ክር ወደ ዲስክ፤ የምስል ቅጂ ታሪክ ከልደታ ሰፈር አኳያ

ጽሑፍን ከአሮጌ ብራና ወደ አዲስ መገልበጥ በኢትዮጵያ ረጅም ዕድሜ ያለው ሙያ ነው። ከጥንታዊ መጻሕፍት ብዙዎቹ ለዛሬው ትውልድ የደረሱት የመጀመሪያው ብራና እስከ ዛሬ ስለ ኖረ ሳይሆን፣ ከመጥፋቱ በፊት የገለበጠው ጸሐፊ ስለ ተገኘ ነው። ዛሬ የቪዲዮ ክርም እንዲሁ ገልባጭ የሚያስፈልገው ሆኗል።

ቴሌቪዥን በኢትዮጵያ ሥራውን የጀመረው በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ሲሆን፣ ስቱዲዮውም በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር። በዚያ ዘመን የቪዲዮ መቅረጫ መሣሪያ ግዙፍና ውድ ስለ ነበረ ከግለሰብ አቅም በላይ ነበር። ሁኔታው የተለወጠው ሶኒ ቤታማክስን እ.ኤ.አ. በ1975፣ ጄ.ቪ.ሲ. ደግሞ ቪ.ኤች.ኤስን እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ ካቀረቡ በኋላ ነው። ከሁለቱ ቪ.ኤች.ኤስ. ገበያውን አሸንፎ በዓለም ተሠራጨ፤ ወደ አዲስ አበባም ገባ። በ1980ዎቹ ዓ.ም. ቪዲዮ ቤቶችና የካሴት ማከራያ ሱቆች በየሰፈሩ ተስፋፉ፤ ሠርግን፣ ክርስትናንና ምርቃትን በቪዲዮ ማስቀረጽም የከተማው ልማድ ሆነ።

የእነዚህ ካሴቶች ታሪካዊ ዋጋ በልደታ ጎልቶ ይታያል። በልደታ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ የነበረው አሮጌ መንደር በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ለመልሶ ማልማት ፈርሶ በኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ተተክቷል። ከነዋሪዎቹም ብዙዎቹ ወደ ሌሎች የከተማው ክፍሎች ተበታትነዋል። የሠርግ ቀረጻ የሚደረገው ሙሽሮቹን ለማሳየት እንጂ መንደሩን ለመመዝገብ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ከሙሽሮቹ ጀርባ የቆርቆሮው አጥር፣ በግቢው የተጣለው ድንኳን፣ የጎረቤቱ አለባበስና ጨዋታ አብረው ይቀረጻሉ። መንደሩ ከፈረሰ በኋላ ይኸው ጀርባ ራሱን የቻለ የታሪክ ማስረጃ ይሆናል።

ማስረጃውን ለማትረፍ የሚያስፈልገው ዕውቀት ከባድ አይደለም። የካሴት ማጫወቻው መውጫ ከዲስክ መቅጃው መግቢያ ጋር በሦስት ሽቦ ይገናኛል፤ በተለመደው አሠራር ቢጫው ምስልን፣ ነጩና ቀዩ ድምፅን ያስተላልፋሉ። ማጫወቻው እንደ ሌላው ጊዜ በቀጥታ ከቴሌቪዥኑ ጋር ቢያያዝ ምስሉ ይታያል እንጂ አይቀዳም፤ መቅጃው በመካከል መግባት አለበት። የሦስት ሰዓት ካሴት ለመቅዳት ሦስት ሰዓት ይፈልጋል፤ ሻጋታ የያዘ ክር ሳይጸዳ ቢጫወት ግን ክሩም የማጫወቻው ራስም ይጎዳል። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ካሴት ሌላ ችግር አለው፤ የዚያ አገር ሥርዓት ኤን.ቲ.ኤስ.ሲ. በመሆኑ 525 መስመር ሲኖረው፣ በኢትዮጵያ የተሠራበት ፓል 625 መስመር አለው። ስለዚህ ሁለቱንም የሚያነብ ማጫወቻ ያስፈልጋል።

ሆኖም ዲስክም የመጨረሻ ማረፊያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 በጃፓን ለገበያ የቀረበው ዲ.ቪ.ዲ. በአንድ ንብርብር 4.7 ጊጋባይት ይይዛል፤ በቤት የሚቀዳው ዓይነት ግን መረጃውን የሚይዘው በቀለም ንብርብር ስለ ሆነ ሙቀትና ብርሃን ያበላሹታል። የካሴት ማጫወቻም ቢሆን የጃፓኑ ፉናይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ማምረት ካቆመ ወዲህ ብልሽት ሲደርስበት መለዋወጫው እየጠፋ ሄዷል። ክሩ ደኅና ሆኖ ሳለ የሚያነበው መሣሪያ ቢጠፋ ውጤቱ ከመጥፋት አይለይም። በመሆኑም ዲስኩ ሳያረጅ ወደ ሌላ ማኅደር መገልበጥ፣ ዋናውንም ካሴት አለመጣል ይገባል።

ይህ ጉዳይ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆችንም የሚመለከት ነው። በየኮሌጁ የትምህርት መርጃ ማዕከል የማስተማር ልምምድ የተቀረጸባቸው ካሴቶች ካሉ ተመሳሳይ አደጋ ተጋርጦባቸዋል። የታሪክ ተማሪ ከወላጆቹ ቤት አንድ ካሴት አምጥቶ ቢገለብጥ፣ የተቀረጸበትን ቀንና ቦታ፣ የሚታዩትንም ሰዎች ማንነት ከሽማግሌዎች ጠይቆ ቢጽፍ፣ ምንጭን መጠበቅና መመርመር ምን እንደ ሆነ በተግባር ይማራል። ሥራው ግን ጊዜ አይሰጥም፤ ክሩን የሚያነበው መሣሪያና በምስሉ ያሉትን ሰዎች በስም የሚያውቁት አረጋውያን በአንድነት የሚገኙበት ዘመን አጭር ነው።