ከአያት ወደ ደብተር

ታሪክ የሚጽፉት አንጋፋ ምሁራን ብቻ ይመስሉሃልን? የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1950 ሥራ ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ተማሪዎቹ የሕዝቦችን ባህል የሚያጠና ማኅበር አቋቋሙ፤ ከ1953 ጀምሮም የማኅበሩ መጽሔት መታተም ያዘ። የትውልድ አገራቸውን የሠርግና የለቅሶ ልማድ ከአዛውንት እየጠየቁ ጻፉበት። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም እንኳ ገና አልተመሠረተም ነበር፤ እርሱ የተቋቋመው በ1963 ነው። የእነዚያ ተማሪዎች ጽሑፍ ግን ዛሬም ለተመራማሪዎች ምንጭ ነው።

የእኛስ የቡሬ ታሪክ? ዓባይን ተሻግረው ወለጋ ድረስ ስለነገዱት ሙስሊም አባቶች የሚያውቁ አረጋውያን አንድ በአንድ ወደ አኼራ እየሄዱ ነው። እንግዲያውስ ልጅህ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ሲመጣ ደብተር አስይዘህ ከአያቱ ዘንድ አስቀምጠው። ያልተጻፈ ነገር ከባለቤቱ ጋር ይቀበራልና።